መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ፦ የውርርድ ድርጅት ደንበኛውን እንዴት ያቆያል?

(የፖድካስቱ ክፍል ሙሉ ንግግር በጽሑፍ)

ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ርዕሱን ለረጅም ጊዜ ስሸሸው ኖሬያለሁ። እዚህ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጬ ሌላውን ሰው ስለ ሥራው እጠይቃለሁ፤ የራሴ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ ነው የማልፈው። ዛሬ አልዘልም።

ከሠራዊት ከወጣሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2017 ማለት ነው፣ አንድ የኦንላይን ቁማር ድርጅት ገባሁ። ሁለት ዓመት ሠራሁበት። ስሙን አልጠራም። ቢሮው ራማት ጋን፣ ደንበኞቹ ግን አብዛኞቹ እንግሊዝ አገር ናቸው። ይህ ለሚገርማችሁ ትንሽ ላስረዳ። በእስራኤል ሕግ ቁማር ማዘጋጀት ክልክል ነው። የተፈቀደላቸው በ1951 የተቋቋመው ሚፋል ሃፓይስ፣ በ1967 ደግሞ በሕግ የቆመው የስፖርት ውርርድ ምክር ቤት ናቸው፤ ይኸኛው ሁላችሁም በቶቶና በዊነር የምታውቁት ነው። ኦንላይን ካዚኖ ለእስራኤላዊ ማቅረብ አይፈቀድም። ነገር ግን የዓለም የኦንላይን ቁማር ኢንዱስትሪ አንዱ ትልቅ ሥሩ ከዚህችው አገር ነው። 888ን በ1997፣ ፕሌይቴክን በ1999 የመሠረቱት እስራኤላውያን ናቸው። ለራስ ልጅ የማይሰጥ፣ ለጎረቤት ግን የሚሸጥ ጠጅ እንደማለት ነው።

የተመደብሁት «ሺሙር» የሚባል ክፍል ነው፤ የደንበኛ ማቆያ ክፍል። ከእናንተ ውስጥ በሞባይል ድርጅት የስልክ ሥራ የሠራችሁ ስንት እንደሆናችሁ ስለማውቅ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። ሰውየው «መስመሩን ልሰርዝ» ብሎ ሲደውል የሚያስተላልፉበት ክፍል ነው። ልዩነቱ እኛ ጋ ሰውየው እስኪደውል አይጠበቅም። ለ14 ቀን ያልተጫወተ ሰው ስሙ በራሱ ስክሪኔ ላይ ይመጣል። ምን እንደሚጫወት፣ በስንት ሰዓት እንደሚጫወት፣ ደመወዙ በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ (ይህን ማንም አልነገረን፤ ገንዘብ ከሚያስገባበት ቀን ይታወቃል)፣ ሁሉም አለ። የኔ ሥራ እሱን መመለስ ነው። መልእክቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፦ መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ «ናፈቅኸን»፣ ከዚያ ስጦታ፣ መጨረሻ ላይ ሰዓት። «እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ» የምትለዋ ሰዓት ከሌለች መልእክቱ አይሠራም። ይህንን በሙከራ ለክተነዋል።

ግድግዳው ላይ «ኃላፊነት የተሞላበት ጨዋታ» የሚል ትልቅ ፖስተር ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ በኮምፒውተር የምንወስደው ትምህርት ነበረን፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ፣ መጨረሻው ላይ ፈተና ያለው። ሁላችንም እናልፋለን። ከፖስተሩ ትይዩ ደግሞ ሌላ ስክሪን ነበር። እሱ ላይ የእያንዳንዳችን ስም፣ ከስማችን አጠገብ ደንበኞቻችን በዚያ ቀን ያስገቡት ገንዘብ ይታያል። የኔ የወር ጉርሻ የሚታሰበው ከዚያ ነው። ፖስተሩ ላይ ተመሥርቶ የተከፈለው ሰው አላየሁም።

ከደንበኞቼ አንዱን ልንገራችሁ። በሰሜን እንግሊዝ የሚኖር፣ የሌሊት ሹፌር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትሑት ሰው፤ ስደውልለት «ውዴ» እያለ ነው የሚያናግረኝ፣ እነሱ እንደዚያ ናቸው። አንድ ቀን አሸነፈና 1,800 ፓውንድ ይውጣልኝ ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ገንዘብ ለማስገባት ሁለት ሰከንድ ነው፣ ካርዱ ተቀምጧል። ለማውጣት ግን ሁለት ቀን «በሂደት ላይ» ይላል። በነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ገንዘቡ አካውንቱ ላይ ይታየዋል፣ አጠገቡም «ሰርዘህ ተጫወት» የምትል ቁልፍ አለች። ደወልሁለት። እንኳን ደስ አለህ አልሁት። የቤቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ለዚያ እንደሚፈልገው ነገረኝ። እኔም ገንዘቡን እዚያው ካቆየው 50 በመቶ ተጨማሪ ቦነስ እንደምሰጠው ነገርሁት። አሰበ፤ ዝም አለ፤ ከዚያ «እስቲ ይሁን» አለ። በማግስቱ ስገባ ሒሳቡ ዜሮ ነበር። የቡድን መሪያችን አጨበጨበልኝ።

አንድ ቃል አልዋሸሁትም። ቦነሱ እውነት ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው፤ ብዋሽ ኖሮ «ዋሸሁ፣ ኃጢአት ሠራሁ» ብዬ ነገሩን አንድ ቦታ አስቀምጠው ነበር።

አሁን ስለ ሒሳቡ ጥቂት። ቁማር ዕድል ነው ይባላል፤ ለተጫዋቹ ነው እንጂ ለቤቱ ዕድል አይደለም። አንድ የስሎት ጨዋታ «ለተጫዋቹ 96 በመቶ ይመልሳል» ሲል ጥሩ ይመስላል፣ አይደል? ከመቶ አራት ብቻ! ግን አራቱ የሚታሰበው ካስገባኸው ገንዘብ ላይ አይደለም፤ ካዞርኸው ላይ ነው። በአንድ ዙር 2 ሸቀል፣ በደቂቃ 10 ዙር ብትጫወት በሰዓት 600 ዙር ነው። 1,200 ሸቀል አዞርህ። ከዚያ አራት በመቶው 48 ሸቀል ነው፤ በአማካይ በየሰዓቱ የምትከፍለው ይህንን ነው። ኪስህ ውስጥ የነበረው መቶ ብቻ ቢሆንም ያው ነው።

ቦነሱም እንደዚሁ። «100 ሸቀል ስጦታ» ይልሃል፤ ከሥር በትንንሽ ፊደል «35 ጊዜ መዞር አለበት» ይላል። 100 በ35 ሲባዛ 3,500 ነው። ከ3,500 አራት በመቶው 140። መቶ ለመቀበል 140 ትከፍላለህ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ስጦታ ከሰጪው ይልቅ ተቀባዩን ነው የሚያስወጣው። እኔ ይህን ሒሳብ በሥራ ላይ እያለሁ ሠርቼው አላውቅም፤ ከወጣሁ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያባዛሁት።

ታዲያ ገንዘቡ ከማን ነው የሚመጣው? የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከኢንዱስትሪው ትርፍ 60 በመቶው የሚገኘው ከ5 በመቶ ተጫዋቾች ነው ብሏል፤ እነሱም የቁማር ችግር ያለባቸው ወይም ወደዚያ እያመሩ ያሉ ናቸው። ይህን ስታውቁ «ደንበኛ ማቆየት» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይለወጣል። ቅዳሜ ማታ በ20 ሸቀል ኳስ የሚወራረደውን ሰው ለማቆየት ማንም ስልክ አይደውልም። ስልክ የሚደወለው ለዚያ ለአምስት በመቶው ነው። «ቪ.አይ.ፒ» ብለን የምንጠራቸው እነሱን ነበር።

እንግሊዞች ይህን እያዩ አንድ በአንድ መዝጋት ጀመሩ። ከማርች 2020 መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ ያለው ድርጅት ሁሉ ጋምስቶፕ በሚባለው መዝገብ ውስጥ መግባት ግዴታ ሆነ፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ራሱን ሲያግድ ከሁሉም ይታገዳል። በኤፕሪል 2020 በክሬዲት ካርድ መወራረድ ተከለከለ። በኦክቶበር 2021 መጨረሻ ያቺ «ሰርዘህ ተጫወት» የምትለዋ ቁልፍ ተከለከለች። ያንን ዜና ያነበብሁት ባቡር ውስጥ ነው፤ ሹፌሩ ትዝ አለኝ፣ አንድ ጣቢያም አሳለፈኝ። በዚያው ቀን የስሎት ጨዋታ አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ እንዳያንስ ተደነገገ፤ ሁለት ፓውንድ አስይዘህ ሰማንያ ሳንቲም ሲመለስልህ የደስታ ሙዚቃ ማጫወትም ተከለከለ። በ2025 ደግሞ በአንድ ዙር የሚያዘው ገንዘብ ለአዋቂ 5 ፓውንድ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላለ ወጣት 2 ፓውንድ ሆነ።

ሕጎቹን አንድ ላይ ስታዩአቸው ነገሩ ቀላል ነው። በሩ ነው። መግቢያው ዘገምተኛ ይሁን፣ መውጫው ፈጣን ይሁን። እኔ ስሠራ የነበረው ተቃራኒው ነበር። አንድ ድርጅት «ኃላፊነት ይሰማኛል» ሲል ፖስተሩን አትመልከቱ፤ የትኛው በር እንደሚዘገይ ተመልከቱ። እዚያ አገር እንኳ፣ ተቆጣጣሪ እያለ፣ በር ይረሳል። በ2017 የብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን 888ን 7.8 ሚሊዮን ፓውንድ አስከፍሎታል፤ ራሳቸውን ያገዱ ከ7,000 በላይ ደንበኞች በቢንጎው በኩል ዞረው መግባት ይችሉ ስለነበር። (እኔ የሠራሁበት እሱ አይደለም፤ እንዳትጽፉልኝ።)

የድርጅቶቹም ክርክር አለ፣ ልደብቀው አልፈልግም። «እኛን ብታጠብቁን ተጫዋቹ ፈቃድ ወደሌለው ሳይት ይሄዳል» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። እንዲያውም እዚህ አገር ያለነው እኛ የዚያ ማስረጃ ነን። ከእናንተ ውስጥ በስልኩ ካዚኖ የሚጫወት ካለ፣ የሚጫወትበት ሳይት እዚህ ፈቃድ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ስለዚህ የቆጠርሁላችሁ ጥበቃ አንዱም አይመለከታችሁም። 2.5 ሰከንዱም፣ ጋምስቶፑም፣ የ2 ፓውንዱም ገደብ የለም። ቢጎዱህ የምትከሰው ሰው የለህም።

ይህን የማውቀው ከቤቴ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በሰንበት መውጫ ላይ እናታችን ቤት ቁጭ ብለናል። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሻወር ገብቷል። ስልኩ በራ። እኔ ለማየት አላሰብሁም፤ ዓይኔ ብቻ አረፈበት። በዕብራይስጥ ነው፦ ስሙ፣ «ናፈቅኸን»፣ 50 ነፃ ስፒን፣ እስከ እኩለ ሌሊት። ቃሉን እኔ አልጻፍሁትም። ቅርጹ ግን የኔ ነበር። የራሴን የእጅ ጽሑፍ በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ያየሁ ያህል ቀዘቀዝሁ። አንድ ነገር ደግሞ ወዲያው ገባኝ፤ ይህ መልእክት ለጀማሪ አይላክም። «ናፈቅኸን» የሚባለው ብዙ ያስገባ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላረዝመውም። የሠራዊት መውጫው ማዓናክ አልቋል። ፒካዶኑ ተርፏል፤ የተረፈው ወንድሜ ብልህ ስለሆነ አይደለም። ያ ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለትምህርት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ለቤት ለመሳሰለው ብቻ ስለሚወጣ ነው። እኛ ስንት ጊዜ «የገዛ ገንዘባችንን ያስሩብናል» ብለን እንዳማረርን! ያቺ እስራት ናት ያዳነችው።

የእናቴ ገንዘብ ግን እስራት አልነበረበትም። እማዬ ዕቁብ አላት። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ በወር 1,500 ሸቀል፣ ዕጣ የወጣላት 18,000 ትወስዳለች። የእማዬ ዕጣ ወጥቶ ለእህታችን ሠርግ ባንክ ተቀምጧል። የባንኩን አፕ የሚከፍትላት ማን ነው? በየቤታችሁ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕብራይስጥ የሚያነበው ልጅ ነው። ከኩፓት ሖሊም የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው፣ አርኖና የሚከፍለው፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው። ወንድሜ ከዚያ ገንዘብ 11,400 ሸቀል ወስዷል። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ 300፣ 500፣ 200። «ከሠርጉ በፊት እመልሰዋለሁ» ብሎ። የጠፋውን ለማስመለስ የሚሮጥ ሰው ሁሌም የሚመልስበት ቀን አለው።

ለእማዬ አብረን ነገርናት። እኔ ጩኸት ጠብቄ ነበር። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ለብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ወንድሜን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «አሸንፈህ አታውቅም?»

«አሸንፌያለሁ» አላት፤ አንድ ጊዜ 4,200 ሸቀል ደርሶለት ነበር።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ይዘህ አልወጣህም፣ ልጄ?»

ወንድሜ እንዲወጣለት ጠይቆ ነበር። የቴዑዳት ዜሁቱን ፎቶ ላክ አሉት፣ ላከ። የአርኖና ደረሰኝ ላክ አሉት፣ ላከ። 72 ሰዓት ጠብቅ አሉት። በሁለተኛው ሌሊት መልእክት መጣለት፤ ቦነስ። ሰረዘው፣ ተጫወተ። እሱ ይህን ሲናገር እናቴ ወንድሜን ነው የምታየው፤ እኔ ደግሞ መሬት መሬት ነበር የማየው። ሥራዬ ምን እንደነበር በትክክል አታውቅም ነበርና። «ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራ» ትል ነበር ለጎረቤት። ያን ዕለት ማታ እሷንም ነገርኋት፣ ስለ ሹፌሩም ጭምር። መጀመሪያ ያለችኝ «ጣሪያውን ጠገነው?» ነው። አላውቅም አልኋት። አላውቅም፤ አሁንም አላውቅም።

በሳምንቱ ዕቁቡ ነበረ። እማዬ እንደተለመደው 1,500ዋን መክፈል አልቻለችም፤ ለዳኛዋ ለብቻ ነገረቻቸው። እሳቸውም ከሚቀጥሉት ሁለት ሴቶች ጋር ተነጋግረው የአንድ ወር ክፍያዋን አሸጋሸጉላት። አንድ ሴት «ወደፊት የኛስ ገንዘብ?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ መብቷ ነው። ዕቁብም እኮ ዕጣ አለው። ሰው ዕጣ ሲወጣለት እልል ይላል። ግን ቤት የለውም፣ ማለቴ በመሐል የሚወስድ የለም። አሥራ ሁለቱም ተራቸው ይደርሳል፤ ያልደረሰው የሚቆየው በቦነስ ሳይሆን ስሙ ስላለ ነው። ቀድሞ የወሰደው ደግሞ እንዳይጠፋ ዋስ አለው። ደንበኛ ማቆየት ማለት እሱ ነው ብል እዚያ ቢሮ ይስቁብኝ ነበር።

አሁን ከእናንተ መካከል በሃይቴክ የምትሠሩ፣ ወይም በዚህ ዘርፍ ቃለ መጠይቅ የተጠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። አትግቡ አልልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የኔ ጉርሻ የሚለካው በምንድን ነው?» መልሱ «ደንበኛው ባስገባው ገንዘብ» ከሆነ፣ የሚሰጧችሁ ሥልጠና ምንም ቢሆን ሥራችሁ ምን እንደሆነ አውቃችኋል። ለሚከስር ሰው ማስታወቂያ መላክ የሚያቆም ሲስተም መጻፍ ይቻላል፤ መረጃው ሁሉ አለ፣ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ገደቡን ዝቅ ሲያደርግ ወዲያው፣ ከፍ ሲያደርግ ግን ከ24 ሰዓት በኋላ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ እንግሊዝ አገር ደንብ ነው። የማይቻለው ይህን ሁሉ እያደረጉ የኔን ስክሪን ግድግዳው ላይ ማቆየት ነው።

ለተጫዋቹ ደግሞ፦ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልግ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስገባኸውና ያወጣኸው። ከነሱ ሳይት ካላገኘኸው ከባንክህ ታገኘዋለህ። ቀንሰው። ወንድሜን ምክር አልመከርሁትም፤ ወረቀት ላይ አብረን ቀነስነው፣ አለቀሰ። ካርዱን ሰረዝን፣ የእማዬን የይለፍ ቃል ቀየርን። ከሹቅ አፎር አልተበደረም ነበር፤ ተበድረህ ከሆነ ዛሬውኑ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገር፣ ብቻህን አትያዘው። ሌሊት ላይ ማንም ከሌለህ የኤራን ስልክ 1201 ነው። በየከተማው ያለው የራቫሃ ቢሮም ስለ ሱስ ሕክምና ወዴት እንደምትሄድ ይነግርሃል። ማፈር አለ፣ አውቃለሁ። እኛ ቤት ሰው ከሚሰማ ይታመማል እንጂ አይናገርም።

ሠርጉ ተደርጓል፤ አነስ ብሎ። ወንድሜ በወር 950 ሸቀል ለእማዬ ሲመልስ ቆይቶ በዓመቱ ጨረሰ። እማዬ አሁን አፑን ራሷ ትከፍታለች፤ ፊደሉን ባታነብም ቁጥሩን ታነባለች፣ ቁጥር እኮ አንድ ነው።

ይህን ክፍል ለመቅዳት ስዘጋጅ ወንድሜ ባለፈው ሐሙስ ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ። ቁጥሩን ቢያግደውም ከሌላ ቁጥር ነው የሚመጣው። ስሙ፣ «ናፈቅኸን»፣ እስከ እኩለ ሌሊት። ስፒኑ ከ50 ወደ 200 አድጓል።